መግባት ካልቻሉ ገብተው ይጠይቁን

ይድረስ ለአቶ ሰብስቤ፣ ለትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
አዳማ

ጉዳዩ፦ የዱሬቲ ስም ከስምንተኛ ክፍል ተፈታኞች ዝርዝር እንዳይሰረዝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ አቶ ሰብስቤ፣ ስምዎን ከሁሉ በፊት ያስቀደምኩት በመጀመሪያ ለማዕረግዎ የሚገባውን ክብር ለመስጠት፣ ቀጥሎም ከዚህ በታች ለምዘረዝረው ነገር ሁሉ ተጠያቂ የማደርገው ሌላ ማንንም ሳይሆን እርስዎን መሆኑን አንባቢ ከጅምሩ እንዲያውቀው ብዬ ነው። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሰሞኑን ከተማችንን የሚገርፈው ነፋስና አቧራ ጉሮሮዎን እንዳልነካው ተስፋ አደርጋለሁ፤ በየሳምንቱ በቴሌግራም የሚልኩልን ረጅም የድምፅ መልእክት ቢቋረጥብን ምን ይውጠን ነበር። ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ደግሞም በትምህርት ቤቱ ላይ እየተጨመረ ያለው ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁሉም በያሉበት ደኅና ይሁኑ።

የትምህርት ቤቱን ስም እዚህ አልጠቅስም። በሩ ላይ በሦስት ቀለም ስለተጻፈ እኔ ብደግመው ቀለም ማባከን ይሆናል።

አበዛሽ ገርባ እባላለሁ። ትውልዴ አቦምሳ ነው፤ አዳማ ከገባሁ አርባ ዓመት አልፎኛል። የተማሪዎ የዱሬቲ የእናቷ እናት ነኝ። እናቷ ሌንሳ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የአልጋ ልብስ ክፍል ስለምትሠራ ቤቷን የምታየው በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ነው፤ አባቷ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆነው። ስለዚህ ልጅቷን የማሳድጋት እኔ ነኝ፤ ከዚህ ዓመት ወዲህም በእርስዎ ትእዛዝ ስልክ ፊት አብሬያት የምቀመጠው እኔው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ አንድ ዓመቴ በቀበሌ የጎልማሶች ትምህርት ነው። ዓረፍተ ነገሬ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ፤ የተማርኩትን ሁሉ ባንድ ላይ የማወጣበት አጋጣሚ ከዚህ በፊት አልገጠመኝም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ሦስተኛው ፎቅ እስኪያልቅ ድረስ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ማክሰኞና ሐሙስ ቤታቸው ሆነው በስልክ ወይም በኮምፒውተር፣ ‹ቀጥታ ክፍል› በሚባል ፕሮግራም፣ መምህሩን ፊት ለፊት እያዩ እንዲማሩ ተወሰነ። ስድስት ጊዜ የቀረ ተማሪ ስሙ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና አይላክም ተባለ። ዱሬቲ አምስት ጊዜ ቀርታለች። የፊታችን ሐሙስ ስድስተኛው ነው። የምጽፍልዎም በዚሁ ምክንያት ነው እንጂ ውለታዎን ለመዘርዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜዎን ባልነካሁ ነበር። ውለታዎ ግን ብዙ ነውና በተራ ልዘርዝረው።

1ኛ፦ ስለ ሰዓት አጠባበቅ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ማስታወቂያዎ ‹ትምህርት የሚጀምረው 8፡00 ነው› ይል ነበር፤ ሌላ ቃል አልነበረውም። እኔም እንደማንኛውም የአዳማ ሰው ልጅቷን ምሳ አብልቼ፣ ዩኒፎርሟን አስለብሼ፣ ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን ስልኩን ከፈትንና ባዶ ክፍል ጠበቀን። ለካ ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ኖሮ ትምህርቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተጀምሮ፣ ስሟ ተጠርቶ፣ ቀሪ ተብላ አልቋል። ቢሮ ስደውል ጸሐፊዎ ‹ይኼን ማንም የተማረ ሰው ያውቀዋል› ብላ መለሰችልኝ። በኋላ እንደሰማሁት በዚያ ቀን ከሠላሳ ስምንቱ ልጆች አሥራ ዘጠኙ ቀርተው ነበር። ግማሹ አዳማ ያልተማረ መሆኑን ማወቅም አንድ ዕውቀት ነውና ደግሜ አመሰግናለሁ።

2ኛ፦ ‹ወደ ቀጥታ ክፍል ለመግባት ለሚቸገሩ ተማሪዎችና ወላጆች የተዘጋጀ መፍትሔ› የሚል ባለ አሥራ አራት ነጥብ መመሪያ ልከውልናል። የላኩት እዚያው ስልካችን ላይ ስለሆነ ለማንበብ ከክፍሉ መውጣት ነበረብኝ፤ ወደ ክፍሉ ለመመለስ ደግሞ ማንበብ ነበረብኝ። ሁለት ቀን እንዲህ ስወጣና ስገባ ሰንብቼ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሽኩር አዝኖልኝ በወረቀት አወጣልኝ። አንደኛው ነጥብ ስልክዎን አጥፍተው ያብሩ ይላል፤ አጥፍተን አበራን። ሁለተኛው ኔትወርክ ወደሚሻልበት ይጠጉ ይላል፤ ከሳሎን ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ ጎረቤታችን ወደ አረጋሽ ግቢ ተጠጋን፤ አረጋሽ ልብስ እያሰጣች አልጀብራ ተማረች። አምስተኛው ሌላ ስልክ ካለዎት በሌላ ስልክ ይሞክሩ ይላል። አሥራ አራተኛውና የመጨረሻው እንዲህ ይላል፤ ቃል በቃል ነው የምገለብጠው፦ ‹ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ካልሠሩልዎና አሁንም መግባት ካልቻሉ፣ ገብተው «እርዳታ» የሚለውን በመጫን ይጠይቁን።›

ይህን ነጥብ ስድስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያ የተሳሳተው የእኔ ንባብ መስሎኝ ነበር፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ባነበበው ነገር ውስጥ ስሕተት ባየ ቁጥር ስሕተቱ የራሱ ይመስለዋል። ለሽኩር አስነበብኩት። ለአረጋሽ አስነበብኩት። ሦስታችንም ዘንድ ያው ሆኖ ተገኘ። ምናልባት እርስዎ ቤትዎ ቢቆለፍብዎና ቁልፉ መኝታ ቤት ትራስ ሥር አለ ቢባሉ እንዴት እንደሚገቡ ያውቁ ይሆናል፤ ይህን ጥበብ ለወላጆች ቢያካፍሉን መልካም ነበር።

3ኛ፦ ለእርዳታ የመደቧቸው አቶ ቢኒያም እጅግ ትሑት ሰው ናቸው። ስልካቸው ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት አይነሣም፤ ምክንያቱም እርሳቸው እንዳስረዱኝ በዚያ ሰዓት እርዳታ የሚፈልግ ሰው ይበዛባቸዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባገኛቸው ‹ማዘር፣ አፑን አፕዴት ብቻ ያድርጉት፣ ቀላል ነው› አሉኝ። እንዴት ብዬ ብጠይቅ ‹አጠገብዎ ልጅ የለም እንዴ?› አሉኝ። ልጅማ ነበረች፤ የተቸገርነውም ለእርሷ ነበር። ይሁን እንጂ በሦስተኛው ሳምንት ሊንኩን መጫን፣ የይለፍ ቃሉን ማስገባት፣ ምስሉ ሲደርቅ ወጥቶ መመለስ በራሴ ቻልኩ። እንዲያውም አረጋሽ ለልጅ ልጇ ለኤባ ክፍሉን መክፈት ሲያቅታት የምትጠራው እኔን ነበር። ይህን የምጽፈው ልመካ አይደለም። ከመውደቄ በፊት ለጥቂት ቀን ቆሜ እንደነበር እንዲታወቅልኝ ብቻ ነው።

4ኛ፦ አሁን ስለምጽፈው ነገር እጄ ደስ ብሎት አይጽፍም።

‹የወላጅ ማረጋገጫ› የሚባል ሥርዓት አወጡ። ትምህርት ሲጀመር ለአምስት ደቂቃ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካሜራ ከፍቶ ከልጁ ጋር ይቀመጣል፤ መምህሩ አይቶ ሲያረጋግጥ ይሄዳል። በመጀመሪያው ማክሰኞ ነጠላዬን አድርጌ፣ ጸጉሬን አስተካክዬ፣ የሽኩርን ወረቀት ጭኔ ላይ ዘርግቼ ከዱሬቲ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስልኩን የስኳር ቆርቆሮ አስደግፈነው ስለነበር የሚታየው ግንባሬና የቤቴ ጣሪያ ብቻ ነበር። መምህር ሁንዴ ስም እየጠሩ ሳለ ድምፅ እንዳልረብሽ ብዬ ዘጠነኛውን ነጥብ ፈለግሁ፤ ዘጠነኛው ማይክሮፎን እንዴት እንደሚዘጋ የሚያስረዳ ነው።

አቶ ሰብስቤ፣ በልጅነቱ የተማረ ሰው በዓይኑ ያነባል። እኔ ከንፈሬ ካልተንቀሳቀሰና ድምፄን ካልሰማሁት ፊደሉ ቃል አይሆንልኝም። በቀበሌ ስንማር ሁላችንም እንዲያ ነበርን፤ አርባ ጎልማሳ ባንድ ክፍል ጮክ ብሎ ሲያነብ ማንም በማንም አያፍርም ነበር። እንግዲህ ማይክሮፎን እንዴት እንደሚዘጋ የሚያስረዳውን ነጥብ፣ እየቆራረጥኩ፣ እየተመለስኩ፣ አንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እየጀመርኩ፣ በተከፈተ ማይክሮፎን ለክፍሉ ልጆችና ለወላጆቻቸው በሙሉ አነበብኩላቸው።

መምህር ሁንዴ ስም መጥራታቸውን አቋርጠው ‹ማነው እሱ ፊደል የሚያስቆጥረው? የሕፃናት ክፍል እኮ ምድር ቤት ነው› አሉ። ልጆቹ ሳቁ። ወላጆችም ሳቁ፤ የወላጅ ሳቅ ከልጅ ሳቅ ወፈር ይላል፣ ይለያል። ከዚያ ልጆቹ በጽሑፍ መልእክት መለዋወጫው ላይ መጻፍ ጀመሩ። ‹ማናት ደግሞ ይቺ?› አለ አንዱ። ‹ከሀ ጀምራ ለ ላይ ደረሰች› አለ ሌላው። ‹የዱሬቲ ቤት ነው› አለች አንዷ። ‹ዱሬ፣ ማናት?›

የዱሬቲ ጣት ሲጽፍ አየሁት። ልጅቷ ፈጣን ናት፤ እኔ ግን እንደሚያውቁት ዘገምተኛ ነኝ፤ ስለዚህ እርሷ ጽፋ ከላከችው በኋላ ነው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ ያነበብኩት። ‹ሠራተኛችን ናት› ይላል።

በሕይወቴ ድምፅ ሳላወጣ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

በዚህች ከተማ ሃያ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ የአንድ ሹም ቤት፣ በኋላም የአንድ ነጋዴ ቤት። በሥራው አላፍርም፤ ሌንሳን ያስተማርኳት በዚያ ነው። ያፈርኩት ቀጥዬ ባደረግሁት ነው። ልጅቷ ውሸታም እንዳትባል ብዬ ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ወገቤ ላይ አሰርኩት። ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁና በብርጭቆ ውሃ ይዤ ተመለስኩ። ካሜራው በሚያየኝ በኩል ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ አቀረብኩላት። ቀና ብላ ሳታየኝ ተቀበለችኝ። ማንም አላዘዘኝም። ያን ሥራ ከተውኩት አሥራ ሰባት ዓመት አልፎኝ ነበር፤ ጉልበቴ ግን እንዴት እንደሚጎነበስ አንድም ነገር አልረሳም።

5ኛ፦ ይህ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ ቢቀር የአንድ ቀን ሳቅ ነበር፤ ይረሳል። እርስዎ ግን የትምህርትን ነገር ቸል የማይሉ ሰው ነዎትና ፕሮግራሙ በራሱ ከቀረጸው ውስጥ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንዱን አስቆርጠው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ባለበት የወላጆች ግሩፕ ላይ አስለጠፉት። ከሥሩም ‹ማይክሮፎን ሳይዘጉ መቅረት የሚያስከትለው፤ ለትምህርት ይሆን ዘንድ› የሚል ተጽፎበታል። ትምህርት መሆኑስ ሆነ። በሳምንቱ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ አንዲት የማላውቃት ሴት ‹ይቺን ድምፅ የሆነ ቦታ ሰምቻታለሁ ልበል?› ብላ ቀና ብላ አየችኝ። ሽንኩርቱን ትቼ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ከቤቴ ውጭ ብዙ አልናገርም፤ ባጃጅ ውስጥ እንኳ መውረጃዬን በእጄ ነው የማመለክተው።

6ኛ፦ በዚያው ሰሞን እርስዎ ራስዎ ደውለውልኛል። ምናልባት ረስተውት ይሆናል፤ የብዙ ሰው ኃላፊነት አለብዎ። ‹የዱሬቲን አሳዳጊ፣ ወይዘሮ አበዛሽን ማግኘት እችላለሁ? ይቅርታ፣ ካልረበሽኳቸው› ነበር ያሉት፤ በአንቱታ፣ በትሕትና። ዱሬቲ አጠገቤ ቆማለች። ዓይኗን አየሁት። ‹እሳቸው የሉም ጌታዬ፣ እኔ ሠራተኛዋ ነኝ› አልኩ።

እዚህ ላይ ድምፅዎ እንዴት እንደተለወጠ ለአንባቢ ባስረዳ ደስ ይለኝ ነበር። ለወይዘሮ አበዛሽ የነበረው አንቱታ በአንድ ትንፋሽ ጠፍቶ ‹ስሚ አንቺ› ሆንኩ። ‹ለእመቤትሽ ንገሪያት፤ በእሷ ቦታ አንቺን እያስቀመጠች ትምህርት ቤታችንን እንዳታዋርደን። ገባሽ?› አሉኝ። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እርስዎ የሌንሳ ታላቅ ቢሆኑ ነው። ገባኝ አልኩ። እነግራቸዋለሁ ጌታዬ አልኩ። እመቤቴም እኔ፣ ሠራተኛዋም እኔ ስለነበርኩ መልእክትዎ ሳይዘገይ ደርሷል።

ስልኩ ሲዘጋ ዱሬቲ ‹አኮ› አለችኝ፤ እንደ አገሩ ልጅ አያቷን የምትጠራው እንዲህ ነው። ‹አኮ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት።› እሺ አልኳት። ሌንሳ ቅዳሜ መጥታ ‹ትምህርት እንዴት ነው?› ስትል ሁለታችንም ባንድ አፍ ደኅና ነው አልን። ይህም ሌላው ኀፍረቴ ነው፤ ልጄን ባንድ ማዕድ ተቀምጬ ዋሸኋት።

7ኛ፦ በደወሉልኝ በሦስተኛው ቀን አዲስ ደንብ ወጣ። ‹የቤት ሠራተኞች በወላጅ ማረጋገጫ ላይ መቅረብ አይችሉም፤ የቀረበ ተማሪ እንደ ቀሪ ይቆጠራል።› ደንቡ ስም ባይጠራም እኛን ፈልጎ እንደመጣ አውቀናል። በሚቀጥለው ሐሙስ አብሬያት ስቀመጥ መምህር ሁንዴ ‹ወላጅ ይቅረብልኝ አልኩ እንጂ ያቺው ሠራተኛ አላልኩም› አሉና ልጅቷን ከክፍሉ አውጥተው ‹መጠበቂያ› ወደሚባለው መለሷት። ስልኩ ላይ ‹አስተናጋጁ እስኪያስገባዎ ድረስ ይጠብቁ› የሚል ጽሑፍ መጣ። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ደብተሯን እንደከፈተች፣ እስክሪብቶዋን እንደያዘች አርባ ደቂቃ ጽሑፉን እያየች ጠበቀች። በማግስቱ ማክሰኞም እንዲሁ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ማክሰኞና ሐሙስ ግን ማግስት አይደሉም፤ በመካከላቸው ያሉትን ቀኖች እየፈራች ነው ያሳለፈቻቸው። እንዲህ እንዲህ ሲል አራት ጊዜ ተመለሰች። ሰዓት ያልገባን የመጀመሪያው ቀን ሲጨመር አምስት ሆነ።

ለምን እውነቱን አልተናገርሽም ይሉኝ ይሆናል። ብናገር ልጅቷ በክፍል ጓደኞቿ ፊት አያቷን የካደች ትባላለች። ባልናገር ከፈተናው ትቀራለች። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ፊት ዝም ማለትን ተምሬ ነበርና ዝምታውን መረጥኩ። ትምህርቷን ትወዳለች አቶ ሰብስቤ። በሒሳብ ከክፍሏ ሁለተኛ ናት። በዚህ ዓመት ካልተፈተነች የዕድሜ እኩዮቿ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ እርሷ እዚያው ወንበር ላይ ትቀራለች፤ ያኔ አምስቱ ቀን የጠፋው በእኔ ንባብ ምክንያት መሆኑን ሁለታችንም እያወቅን ባንድ ቤት እንኖራለን። የምፈራው ይህን ነው እንጂ የእርስዎን ደንብ አይደለም።

8ኛ፦ ባለፈው ዓርብ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ‹ለመሰረዝ የቀረቡ ተፈታኞች› የሚል ዝርዝር ለጥፈዋል። ዘጠኝ ስም አለበት፤ የዱሬቲ አራተኛው ነው። ከስሙ ቀጥሎ ‹አሳዳጊ› የሚል ዓምድ አለ፤ በእርሷ ተራ ላይ፣ በስሜ ጠርተው ደውለውልኝ ሳለ፣ ‹የላትም› ተብሎ ተጽፏል። ይህን ቃል በሩ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ጥበቃዎ አቶ ገመዳ ‹እማማ፣ ምነው?› አሉኝ። ሁለተኛ ጊዜም አነበብኩት። ሠራተኛዋ ነሽ መባሉን ችዬው ነበር፤ ራሴም ተባብሬበታለሁ። የላትም መባሉን ግን አልቻልኩትም።

ቤት እንደደረስኩ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ፤ አራት ቀን ፈጀብኝ። ሲያልቅ ለዱሬቲ ሰጠኋት። እኔ በአራት ቀን የጻፍኩትን እርሷ ሽንኩርት ከትፌ ሳልጨርስ አነበበችው። ወረቀቶቹን አስተካክላ አጠፈቻቸው። በመጨረሻ ‹አኮ፣ የውሃው ይውጣ› አለችኝ። ውሃው አልወጣም፤ ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ኀፍረቱም የእኔ ነው፣ ለእርሷ አላካፍላትም አልኳት። ስሟን ግን እንዳወጣው አልጠየቀችኝም፤ ትጠይቀኝ እንደሆን ሁለት ጊዜ ጠብቄያት ነበር። ማታውን ለእናቷ ደወልን። ሌንሳ ምን እንዳለች የእኛ የቤት ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ከተከበሩት ርዕሰ መምህር የምለምነው ጥቂት ነው። የዱሬቲ ስም ከተፈታኞቹ ዝርዝር አይሰረዝ፤ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ የዋለች ልጅ ቀሪ አትባልምና። በር ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ‹የላትም› የሚለው ይፋቅና በቦታው ‹አበዛሽ ገርባ፣ አያት› ተብሎ ይጻፍ። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንዱ ከግሩፑ ይነሣ፤ ወላጆች ትምህርቱን ጨርሰዋል፣ ከእንግዲህ ክለሳ አያስፈልጋቸውም። አሥራ አራተኛው ነጥብም ቢታረም ለሚቀጥለው ዓመት ወላጆች ይጠቅማል። ይቅርታ እንዲጠይቁኝ አልጠይቅም። ይቅርታዎ እንደ መመሪያዎ በነጥብ ተከፋፍሎ ቢመጣ ለማንበብ ጊዜ ይወስድብኛል።

ስለ ሰዓቱ፣ ስለ መመሪያው፣ ስለ ቀረጻው፣ በስልክ ስላሳዩኝም ሁለት ዓይነት አክብሮት እያመሰገንኩ፣ ፎቅዎ በሰላም እንዲያልቅ፣ በሮቹም ሁሉ ከውጭ ለቆመ ሰው የሚከፈቱ እንዲሆኑ ከልብ እየተመኘሁ፣ እጅ እነሣለሁ።

የዱሬቲ አያትና አሳዳጊ፣ ከሠራተኝነት በጡረታ የተገለለች፣
አበዛሽ ገርባ
(ፊርማዬ ነው፤ የጣት አሻራ አይደለም)

ግልባጭ፦
ለመምህር ሁንዴ
ለአቶ ቢኒያም፣ ስልካቸው ካልተነሣ በወረቀት
ለወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ
በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ከዝርዝሩ አጠገብ

ማስታወሻ፦ ቀረጻው በተለጠፈ ቀን ከሥሩ የሳቅ ምልክት ያደረጉትን ሰዎች ስም ቴሌግራሙ በዝርዝር ያሳያል። ፈጥኖ የሚያነብ ሰው ቁጥሩን ብቻ አይቶ ያልፋል፤ እኔ ግን ዘገምተኛ ስለሆንኩ አርባ አንዱንም ስም አንድ በአንድ፣ ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። ሦስተኛው የእርስዎ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸው ዛሬ ነው የምናገረው። ሐሙስ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ በእኛው ሰዓት ማለቴ ነው፣ ካሜራው ፊት ከልጄ ልጅ ጎን እቀመጣለሁ፤ ስልኩንም ፊቴ በሙሉ እንዲታይ አድርጌ አቆመዋለሁ። መምህሩ ማነሽ ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ፤ የማነብበው ነገር ካለም አፌን ከፍቼ አነብበዋለሁ። ወደ መጠበቂያው ቢመልሱን አብሬያት እጠብቃለሁ። እርስዎም ቢደውሉልኝ ስልኩን የማነሣው እኔው ነኝ፤ ከእንግዲህ በገዛ ቤቴ ቆሜ የለሁም አልልም።